መብራት ሲመጣ ባካፑ ባዶ ሆኖ ለተገኘበት

ወንድም፣ ጥያቄህን እንዲህ ነው የተረዳሁት። ጅማ ቢሮ ያለው የሊኑክስ ሰርቨር በየሌሊቱ በአርሲንክ (ፋይል በሚገለብጥ ፕሮግራም) ሁለት ቦታ ይገለብጣል፤ አንዱ እዚያው የተሰካ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ሌላው አዲስ አበባ ያለ ማሽን። መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ የአዲስ አበባው ፎልደር ባዶ ሆነ። ኤክስተርናሉ ደግሞ ከተገዛ ጀምሮ ኮድ 23 (ሁሉም በትክክል አልተገለበጠም) እያለ ይነጫነጫል። ጠዋት ቢሮ ሲከፈትም ኔቱ ይሞታል።

1. ክሮኑን፣ ማለትም ሥራውን በተቀጠረ ሰዓት የሚቀሰቅሰውን ፕሮግራም፣ አሁኑኑ አቁም። ሌላ ምንም ሳትነካ። ኤክስተርናሉ ላይ ያለው የቀረህ ብቸኛ ባካፕ ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ተራው የእሱ ሊሆን ይችላል።

2. ሰርቨሩ ላይ የዳታ ፎልደሩን ክፈት። ባዶ ከሆነ አትደንግጥ፣ ፋይንድማውንት የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተህ የተያያዙትን ዲስኮች ዝርዝር እይ። ፎልደሩ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ዲስኩ ማውንት አልሆነም (ከፎልደሩ ጋር አልተያያዘም) ማለት ነው፤ ፋይሉ ዲስኩ ውስጥ አለ፣ አንተ የምታየው ባዶውን በር ነው።

ሰርቨሩን የተከለልህ ሰው ኤፍስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የትኛው ዲስክ የት እንደሚያያዝ የሚነግር ፋይል) ላይ ዲስኮቹን በኤስዲቢ1 እና በኤስዲሲ1 ስም ጽፎ፣ ጎናቸው ኖፌል ጨምሮ እንደሄደ እወራረዳለሁ። ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ሂሳባቸውን ተቀብለው ሲወጡ አንድ መስመር ማስታወሻ እንኳ አይተዉም። እነዚህ ስሞች ቋሚ አይደሉም። ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የተገኘው ዲስክ ቀድሞ ስም ይይዛል። መብራት ሲመጣ ዩኤስቢው ቀደመ፣ ስሞቹ ተቀያየሩ። ሰርቨሩ ኤክስተርናሉን እንደ ዳታ ዲስኩ ኤክስት4 (የሊኑክስ የዲስክ ፎርማት) ነው ብሎ ሊያነሳው ሞከረ፣ እሱ ግን ሌላ ፎርማት ነውና አልሆነም። ኖፌል ማለት ደግሞ «ባይሆንም ዝም ብለህ እለፍ» ነው፤ አለፈ። ከዚያ አርሲንክ በተራው መጥቶ ባዶ ፎልደር አገኘ። ባዶ ፎልደር ለእሱ ስህተት አይደለም። ዲሊት ተብሎ ታዟልና ምንጩ ላይ የሌለውን ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ደምስሶ ኮድ 0 (ተሳክቷል) ሰጠ። ሎጉ ላይ ስህተት ያጣህለት ለዚህ ነው። ኤክስተርናሉም የተረፈው እሱ ራሱ ማውንት ስላልሆነ ብቻ ነው።

ስለዚህ የዳታ ዲስኩን ማውንት ሳታደርገው ኤፍኤስሲኬ (የዲስክ ስህተት የሚፈትሽና የሚጠግን ትእዛዝ) አስኪድበት፣ ከዚያ ኤፍስታብ ላይ ሁለቱንም ዲስክ በዩዩአይዲ (በማይቀያየር መለያ ቁጥሩ) ጻፍ። ስክሪፕቱ አርሲንክን ከመጥራቱ በፊት ምንጩንም መድረሻውንም በማውንትፖይንት ትእዛዝ ማውንት መሆናቸውን ይፈትሽ፤ አንዱ ከጎደለ ይቁም። መድረሻውን መፈተሽ ትርፍ እንዳይመስልህ፤ ኤክስተርናሉ ሳይነሳ ሲቀር አርሲንክ የሰርቨሩን ሲስተም ዲስክ እስኪሞላ ይጽፍበታል፣ ያኔ ሰርቨሩም አብሮ ይቆማል። ማክስ-ዲሊት 200 ጨምርበት፦ 200 ፋይል ካጠፋ በኋላ ማጥፋቱን ትቶ ኮድ 25 ይሰጥሃል። ባካፕ-ዲር ብትጨምርማ እነዚያ 200ውም አይጠፉም፣ ቀን ወዳለበት ፎልደር ይዛወራሉ። ፎልደሩን ግን ከመድረሻው ውጭ አድርገው፣ አለዚያ በማግስቱ ዲሊት ራሱን ይበላዋል።

3. ኮድ 23 የኤክስፋት፣ የኤክስተርናሉ ፎርማት፣ ጣጣ ነው። ኤክስፋት የፋይል ባለቤትና ፈቃድ አይዝም፣ ኤ የሚለው የአርሲንክ አማራጭ ደግሞ እነዚህን ጠብቅ ይላል። ለጊዜው በኤ ፋንታ አር እና ቲ (ንዑስ ፎልደሮችንና የፋይሉን ሰዓት ብቻ የሚይዙትን) ተጠቀም፣ ሞዲፋይ-ዊንዶው 1 (የ1 ሰከንድ ልዩነት እለፍ ማለት ነው) አድርግ። መፍትሔው ግን ዲስኩን ወደ ኤክስት4 ፎርማት ማድረግ ነው፤ እሱንም የአዲስ አበባው ኮፒ ተመልሶ ከተፈተሸ በኋላ እንጂ ዛሬ አይደለም!

የአዲስ አበባውን በኔት እመልሳለሁ ብለህ አትድከም። 2 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ 250 ኪሎባይት ነው፤ 100 ጊጋባይት ከ4 ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል፣ ያውም ካልተቋረጠ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌላ ዲስክ በላክስ (ዲስክ በይለፍ ቃል መቆለፊያ) ቆልፈህ፣ ገልብጠህ፣ በአውቶቡስ ለሚሄድ የምታምነው ሰው አስይዝ። እዚያ ሲገለበጥ ከምንጩ ስም መጨረሻ ስላሽ (/) መኖሯን አረጋግጥ። ከተረሳች ፎልደር ውስጥ ፎልደር ይፈጠራል፤ የማታው አርሲንክ አላውቀውም ብሎ ሁሉንም ከጅማ እንደ አዲስ መላክ፣ በመኪና የሄደውንም ማጥፋት ይጀምራል። መጀመሪያ በኤን አማራጭ ሞክር፤ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ይዘረዝርልሃል።

የጠዋቱ ኔት የሰዓት ጉዳይ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት አስበህ ክሮን ላይ 8 ጽፈሃል፤ ክሮን የሚያውቀው 8 የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ ልክ ሰው ሥራ ሊገባ ሲል፤ ግልበጣው መስመሩን ይሞላዋል። 2 ብለህ ጻፍ። ሰርቨሩ ዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ የሆነው የዓለም ሰዓት) ላይ ከሆነ ግን ያ 2 ንጋት 11 ሰዓት ይሆንብሃል፤ ስለዚህ አስቀድመህ ዞኑን የአዲስ አበባ አድርግና ክሮንን ሪስታርት አድርገው።