ለጅማ የሜዳ ልጆች

ጅማ ላይ የኳስ ሜዳ መንከባከብ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሰው ጨዋታ ሊያይ ይመጣል፤ እኛ ደመና እናያለን። ኳስ ጭቃ ላይ ከቆመ ስድቡ ለእኛ ነው። ሣሩ ካማረ ደግሞ ማን እንዳጨደው የሚጠይቅ የለም።

ለዚህ ነው ማኅበር ይኑራችሁ የምለው።

አሜሪካ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ ተንከባካቢዎች እ.ኤ.አ. በ1926 ተደራጅተዋል። የስፖርት ሜዳ ሰዎች ግን ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1981 ነው። ዘግይተዋል። እስከዚያ ሰው ሠራሽ ሣር በ1966 የሂዩስተኑ አስትሮዶም ውስጥ ተነጥፎ፣ ብዙ ስታዲየሞችም ተከትለውት ነበር።

እኔን የሚገርመኝ የስፖርት ሜዳው ማኅበር መሥራቾች ናቸው። ሃሪ ጊል ከሚልዋኪ፣ ዲክ ኤሪክሰን ከሚኒሶታ፤ ሁለቱ የስታዲየም ሰዎች ናቸው። ዊልያም ዳንኤል ከፐርዱ፣ ኬንት ኩርትዝ ከካሊፎርኒያ ፖሞና፤ ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ መምህራን። ሁለት ባለ ኖራ፣ ሁለት ባለ ጠመኔ! ዳንኤል ከሣሩ ሥር አሸዋ፣ ከአሸዋው ሥር ቱቦ ዘርግቶ ውኃውን በፓምፕ የሚስብ ሜዳ ያስተዋወቀ ሰው ነው። ለእኛ ኪስ አይሆንም። ሐሳቡ ግን ይሆነናል፦ ከሣሩ በፊት የውኃውን መውጫ አስቡ።

እኛ ጋ የግብርና ኮሌጁ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። የአፈር ምሁሩ ከእናንተ ጋር እዚያው ቡና ቤት ይቀመጣል፤ ግን አትተዋወቁም። ያሳዝናል።

እስቲ ግብ ክልሉ ላይ ካቻቢቴ ውጉ። ትንሽ ገብቶ እምቢ ካለ አፈሩ ተጠቅጥቋል፤ ሰርዶው ሥር መስደጃ የለውም ማለት ነው። መፍትሔው አፈሩን በትንንሽ ቀዳዳ እየነቀሉ አውጥቶ ቀዳዳውን በአሸዋ መሙላት ነው። ጥቂት አሸዋ ከሸክላ አፈር ጋር ማቡካት ግን ጡብ መሥራት ነው። ይህን አንዱ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም፤ የሚያውቀውም ሙያዬን ይነጥቁኛል ብሎ ይደብቃል። ማጨጃም ቢሆን አንዱ ጋ ቆሞ ይዝጋል፣ ሌላው ጋ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ከዚያ በአንድ ቀን ከሥሩ ይላጭና ይቃጠላል። ከቅጠሉ ከሲሶ በላይ በአንዴ አይታጨድም።

ሊቀ መንበር ለመምረጥ አትቸኩሉ፤ ብዙ ማኅበር የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። ዕድር ያቋቋመ አገር ይሄ አያቅተውም። በመጀመሪያ ማጨጃ ተዋዋሱ። በጋው ሳያልቅ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተገናኙ፤ ከኮሌጁም አንድ የአፈር መምህር ጥሩ። አዳራሽ አያስፈልግም። ግብ ክልሉ ላይ ቆፍራችሁ አፈሩን አሳዩት።