ስለ ዘጌ ዳገት የጠየቃችሁኝ

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ጠፈፍ ሲል እግር ይነሣሣል። ባለፈው ጣና ሐይቅ ውስጥ ስለገባው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ከጻፍኩ ወዲህ የመጣው ጥያቄ ብዙ ነው። ሁሉን መመለስ ስላልቻልኩ የተወሰኑትን መርጫለሁ።

«በውጭ አገር ፎቶ የማየው ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ቀጥ ያለ ዳገት፣ ከታች ውቅያኖስ ነው። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ የእግር ጉዞ ይገኛል?» (ከደብረ ማርቆስ)

ውቅያኖስ የለንም። ጣና ግን አለን። ሽማግሌዎቻችን ጣናን «ባሕሩ» ነው የሚሉት፤ የባሕር ዳር ከተማ ስምም ከዚያው የመጣ ነው። ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዘጌ ላይ ሆነህ በቅጠሉ መሀል ወደ ሰሜን ስታይ ማዶው አይታይህም። ውሃና ሰማይ ይገጥማሉ።

ዘጌ ረጅም ተራራ አይደለም። ከሐይቁ በላይ 200 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ከጀልባ ወርደህ ወዲያው ዳገት ነው፤ ከላይህ የቡናው ደን ጥላ አለ። ይህ ደን የቆየው እንዲሁ አይደለም። በጥንቱ ደንብ ዘጌ ላይ በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። የዘጌው ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ቆርጠው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። እኔ በዚያ ጥላ ሥር ስሄድ ሁሌም ይህን ደንብ አመሰግናለሁ። ዙሪያውን ያለው አገር ሲራቆት ይህ ደን ቆሞ ቀርቷል።

ከመነሣትህ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከዚያው ካለ ሰው አጣራ።

«ስወጣ ምንም አልሆንኩም። በማግስቱ ግን ጭኖቼ ተሳሰሩ፤ ደረጃ በጎኔ ነበር የምወርደው። ጋሼ፣ ስፖርት ስለማልሠራ ነው?» (ከባሕር ዳር)

እሱ ብቻ አይደለም። ቁልቁለቱ ነው።

ሰው የሚፈራው ዳገት ነው። ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ ይመታል፣ ስለዚህ ያስታውቃል። ቁልቁለት ግን ሳያስታውቅ ነው የሚጎዳው። ስትወጣ የጭንህ ጡንቻ እየተኮማተረ ይገፋሃል። ስትወርድ ደግሞ ክብደትህን እንደያዘ እየተለጠጠ እንደ ፍሬን ይሠራል። ያኔ የጡንቻው ክሮች በጥቃቅኑ ይጎዳሉ። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፣ ከዚያ ይለቃል። ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋ ሂድ።

ጡንቻ ደግሞ ይማራል። አንድ ጊዜ ቁልቁለት የቀመሰ እግር ለተወሰኑ ሳምንታት እንደ መጀመሪያው አይታመምም። ስለዚህ ከጉዞው አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለህ ቤዛዊት ውጣ። የንጉሡ ቤተ መንግሥት ካለበት ኮረብታ ዓባይን እያየህ ቀስ ብለህ ውረድ። በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ድገመው።

ስትወርድ እርምጃህን አሳጥር። ጉልበትህን አታድርቀው፤ ትንሽ እጠፍ አድርገው። ዱላ ያዝ፤ ዱላ የሽማግሌ ብቻ አይደለም። ጣቶችህ ከጫማው ጫፍ እንዳይጋጩ የቁርጭምጭሚቱን በኩል ጠበቅ አድርገህ እሰር። ሶሉ ያለቀ ስኒከር አድርገህ አትሂድ።

ይህን ደጋግሜ የምጽፈው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ቀን ጀልባው እንዳያመልጠኝ ዘጌ ላይ ቁልቁል ሮጥኩ። ቅጠሉ እርጥብ ነበር። በግራ እጄ ላይ ወደቅሁና አንጓዬ ተሰበረ፤ ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየሁ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ለዚህ ነው ጀልባ ነጂዎች የሚቸኩሉት። በጠዋት ከተነሣህ ግን ሳትሮጥ ትወርዳለህ።

«ከወረድን በኋላ ልጆቹ ሐይቁ ዳር ቢዋኙ ምን አለበት?» (ከመራዊ)

ቢቀር ይሻላል። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ተውሳኩ የሚራባው ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ፣ በቀንድ አውጣ ላይ ነው። ከዚያ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። ልጁ ወዲያው ላይታመምም ይችላል። ከዚህ በፊት ዋኝተው ከሆነ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመርምሪያቸው። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፣ ይድናል።

«ወንድሜ ያለው ኬፕ ታውን ነው። ታኅሣሥ ስሄድ ስኬለተን ጎርጅ በሚባል መንገድ ቴብል ማውንቴን እንወጣለን ይለኛል። የባሕር ተራራ አይቼ አላውቅም፣ ፈራሁ።» (ከዳንግላ)

እህቴ፣ ለትንፋሽሽ አትስጊ። የተራራው ጫፍ 1,086 ሜትር ነው። ዳንግላ ከ2,000 ሜትር በላይ ነች። አናቱ ላይ ቆመሽ አትላንቲክን ስታዪ እንኳ ከቤትሽ ደጃፍ ብዙ ዝቅ ብለሽ ነው ያለሽው።

እግርሽ ግን ይፈተናል። መንገዱ ኪርስተንቦሽ ከሚባለው የዕፅዋት ቦታ ተነሥቶ በደን ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ድንጋዩ እርጥብ ነው፤ በእንጨት መሰላል የሚታለፍም አለው። በዚያ ውጡ እንጂ በዚያ አትውረዱ። ለመውረጃ ነርሰሪ ራቪን የሚባለው ይሻላል፤ እሱም ወደዚያው ወደ ኪርስተንቦሽ ይመልሳችኋል።

ታኅሣሥ እነሱ ጋ በጋ ነው። ዝናቡ የሚበዛባቸው በእኛ ክረምት ወራት ነው። ይሁን እንጂ በበጋ ከደቡብ ምሥራቅ ኃይለኛ ነፋስ ይነሣና ተራራውን በደመና ይሸፍነዋል። ከታች ፀሐይ ሆኖ ከላይ መንገዱ ሊጠፋ ይችላል። ጃኬት ያዢ። ዝርፊያም ስለሚያጋጥም ብቻችሁን አትሂዱ፤ አራትና ከዚያ በላይ ሁኑ።

«ጮቄስ?» (ከቢቸና)

የጮቄ ተራራ ሌላ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 60 ገደማ ብቻ ነው። አናቱ ላይ ደን አትጠብቅ፤ አስታ፣ ጅብራና ጓሳ ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ውረድ። «ትንሽ ነው የቀረን» አትበል። ጋቢና በሶ አይለይህ።

«ልጄ፣ 64 ዓመቴ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሳልሳለም መሞት አልሻም። ጉልበቴ ያመኛል። እችለው ይሆን?» (ከፍኖተ ሰላም)

እናቴ፣ የሚችሉት ይመስለኛል። ግን መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቁ። ቤትዎ አካባቢ ሃያ ደቂቃ ሳያርፉ የሚሄዱ ከሆነ፣ ትንሽ ዳገትም ደረትዎን ካልያዘዎት ጥሩ ምልክት ነው። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ካለዎት ሳይወስዱ አይነሡ። ለመሳለም ብለው ጾመው የሚወጡ ከሆነም ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩት።

ኡራ ያለው ዘጌ ላይ ነው፤ ከጀልባው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም። ወጣት የሚፈጥንበትን እርስዎ እያረፉ በእጥፍ ጊዜ ይውጡት። ማንም አያጣድፍዎ። ሲወርዱ ከልጆችዎ አንዱ ከፊትዎ ይሁንና ትከሻውን ይያዙ፤ በሌላው እጅዎ ምርኩዝ።

ኡራ ሴትም ወንድም ይሳለማል። በደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ግን ሴት አያስገባምና ጀልባ ሲኮናተሩ ይህንን ለነጂው አስቀድመው ይንገሩ። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ነው፣ ሕዝቡ ይበዛል። ለጉልበትዎ ሲባል ሳምንት አሳልፈው፣ ደረቁ መሬት ላይ፣ በጠዋቱ ጀልባ ይሂዱ።