የኮጋላው ሰው፦ ስለ ማርቲን ዊክረማሲንሃ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐምሌ 16 የስሪላንካዊው ደራሲ የማርቲን ዊክረማሲንሃ ሙት ዓመት ነው። በ1890 ኮጋላ በሚባል መንደር ተወልዶ በ1976 ያረፈ፣ በሲንሃላ ቋንቋ የጻፈ ሰው ነው። የንባብ ቡድናችን እሱን በማሰብ ጥያቄ እንድመልስ ስለጠየቀኝ ደስ ብሎኛል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስባችሁ፤ ሦስቱን ተከታታይ ልብወለዶቹን በታተሙበት ቅደም ተከተል አታንብቡ። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እርስዎ ከዚህ ደራሲ ጋር እንዴት ተዋወቁ?

መልስ፦ ቤይሩት ሠራተኛ ሆኜ ሳለሁ ነው። በዚያን ጊዜ ከየትም ብትመጪ የቤት ሠራተኛ ከሆንሽ ስምሽ «ሲሪላንኪያ» ነበር። ሐበሻም ሆንሽ ፊሊፒናዊት ለውጥ የለውም። እውነተኛዋ ስሪላንካዊት ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ትሠራ ነበር። «አካ» እላታለሁ፤ በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው። ልብስ ስናሰጣ በተሰባበረ ዐረብኛ «ማዶል ዱዋ»ን ተረከችልኝ። በ1947 የታተመ የልጆች ታሪክ ነው። ኡፓሊ የሚባል ልጅ ከእንጀራ እናቱና ከትምህርት ቤት ሸሽቶ፣ ጂና ከሚባለው የቤታቸው አሽከር ጋር ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ይሰፍራል። ጫካ መንጥረው ያርሳሉ። የጌታውና የአሽከሩ ልጅነት እዚያ ደሴት ላይ እኩል ይሆናል። ይህን ስሰማ የያዝኩት ልብስ ከእጄ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ የተተረጎሙትን አንድ በአንድ እየፈለግሁ አነበብኩ።

ጥያቄ፦ ኖቤል አግኝቷል?

መልስ፦ አላገኘም።

ጥያቄ፦ በስሪላንካ ስለነበረው የሲንሃላና የታሚል ሕዝቦች ጦርነት ምን ጻፈ?

መልስ፦ ጦርነቱ የጀመረው በ1983 ነው። እሱ ካረፈ ከሰባት ዓመት በኋላ። እባካችሁ ዓመቱን እያያችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

መልስ፦ ከ«ጋምፔራሊያ»። ትርጉሙ የመንደር መገለባበጥ እንደማለት ነው፤ በ1944 ታተመ። ቀጥሎ የታተመው «ዩጋንታያ» ነው፣ በ1949። «ካሊዩጋያ» ደግሞ በ1957። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ «ካሊዩጋያ» መካከለኛው ነው፤ «ዩጋንታያ» መጨረሻው። በታተሙበት ቅደም ተከተል ያነበበ ሰው ትውልድ ዘሎ ያልፋል። ያ የመንደር ቤተሰብ እንዴት ወደ ከተማ እንደገባ፣ ገንዘብ እንዴት እንደለወጠው ሳያይ ፋብሪካና አድማ ውስጥ ይገባል። እኔ ራሴ እንዲህ ተሳስቼ ሁለት ጊዜ ማንበብ ግድ ሆኖብኛል።

ጥያቄ፦ «ጋምፔራሊያ» ስለ ምንድን ነው?

መልስ፦ በደቡብ ስሪላንካ የአንድ ባላባት ቤት እየከሰመ ነው። ስማቸው ትልቅ ነው፤ ገንዘባቸው ግን እያለቀ ነው። ልጃቸው ናንዳ እንግሊዝኛ እንድትማር ፒያል የሚባል ወጣት ይመጣላታል። ይወዳታል። ቤተሰቡ የእሷን ቤተሰብ አይመጥንም ተብሎ ይከለከላል። እሷን ለሌላ ይድሯታል። ፒያል ኮሎምቦ ሄዶ ነግዶ ይከብራል። የሚገርመኝ ደራሲው ማንንም አለመውቀሱ ነው። የባላባቱንም ኩራት በፍቅር ነው የሚጽፈው። 

አንድ አባል፦ ይሄማ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው! በዛብህም ሰብለን ሊያስተምር ገብቶ አይደል የወደዳት? የሐዲስ ዓለማየሁን ነው የወሰደው።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ የእኛው በ1958 ዓ.ም. ነው የወጣው። በፈረንጆቹ ሲቆጠር ከ«ጋምፔራሊያ» ሃያ ዓመት ያህል ይዘገያል። እንዲያውም ሐዲስ ናቸው የወሰዱት ብትል ይሻል ነበር።

የመጀመሪያው አባል፦ ሐዲስ ዓለማየሁ ከሰው አይወስዱም!

መልስ፦ ተው፣ ተው። ማንም ከማንም አልወሰደም። ባላባት ባለበት አገር ሁሉ የድሀ ልጅ ወደ ትልቅ ቤት የሚገባበት አንዱ በር ትምህርት ነው። ሁለቱም በዚያ በር አስገቡት። ልዩነቱን እዩ። በዛብህ ከሰብለ ጋር ሳይኖር ይሞታል፤ ፒያል ግን ሀብታም ሆኖ ተመልሶ ናንዳን ያገባታል። ዊክረማሲንሃ «ገንዘብ ካሸነፈስ በኋላ?» ብሎ ነው የጠየቀው። ሁለቱን ተራ በተራ ብናነብ ደስ ይለኛል፤ ክርክሩ ግን እዚህ ይብቃ።

ጥያቄ፦ እኔ የ«ጋምፔራሊያ»ን ፊልም አይቼዋለሁ፤ መጽሐፉ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ያስፈልጋል። የስሪላንካው ዳይሬክተር ሌስተር ጄምስ ፔሪስ በ1963 የሠራው ፊልም ድንቅ ነው፤ በ1965 በዴልሂ የፊልም ፌስቲቫል «ወርቃማው ፒኮክ» የሚባለውን ሽልማት አግኝቷል። ሦስቱንም መጻሕፍት ወደ ፊልም የለወጠው እሱ ነው። ፊልም ግን የናንዳን ልብ ውስጥ እንደ መጽሐፉ አያስገባም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከየትኛው ነው የሚጀመረው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ አንብቢ። ጋምፔራሊያ፣ ካሊዩጋያ፣ ዩጋንታያ።

ጥያቄ፦ ከመጽሐፎቹ የቡድሃ መነኮሳት የተቆጡበት የትኛው ነው?

መልስ፦ «ባቫታራናያ»፣ 1973። የቡድሃን ሕይወት እንደ ሰው ጉዞ አድርጎ ጻፈው። ብዙ ተወቀሰበት። ዕድሜው ከሰማንያ አልፎ ነበር። ሃይማኖታዊ ክርክሩን ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

ጥያቄ፦ እርስዎ በግልዎ የሚወዱት?

መልስ፦ «ቪራጋያ»፣ 1956። አራቪንዳ የሚባል ሰው አለ። የሚወዳት ሳሮጂኒ አብረን እንጥፋ ትለዋለች። እሱ አይችልም። ክፉ አይደለም፣ ፈሪ ብቻም አይደለም፤ እጁን ዘርግቶ ሕይወትን መያዝ ያቅተዋል። ታሪኩ የተነገረው እሱ ትቶት በሞተው ጽሑፍ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው በየቤታችን አለ። አጎቴን አስታወሰኝ። ሁለት ምሽት እያለቀስኩ ጨረስኩት።

ጥያቄ፦ መታሰቢያ አለው? ቤቱስ?

መልስ፦ አለው። ኮጋላ የሚባለው መንደሩ በባሕርና በሐይቅ መካከል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የባሕር አውሮፕላን ጣቢያ ሊሠሩበት ነዋሪውን አስነሱት። በሚያዝያ 1942 የጃፓንን መርከቦች ቀድሞ ያየው አውሮፕላን የተነሣው ከዚያ ሐይቅ ነው። መንደሩ ፈረሰ፤ እሱ የተወለደበት ቤት ተረፈ። አሁን በዙሪያው የሕዝብ ባህል ሙዚየም አለ። ማረሻው፣ ሸክላው፣ ጭንብሉ፣ የዓሣ አጥማጁ ዕቃ ሁሉ ተሰብስቧል። እሱና ባለቤቱ የሚታሰቡበት ድንጋይም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። «ጋምፔራሊያ» በ1944 መውጣቱን ከዚህ ጋር አያይዛችሁ እዩት። መንደሩ ከተነሣ ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

አንድ አባል፦ ማዶል ዱዋ ደሴትስ እውን አለ?

መልስ፦ አለ። በዚያው በኮጋላ ሐይቅ ውስጥ። አካ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ልጆቿን ይዛ በጀልባ ሄዳ ፎቶ ልካልኛለች። ዛፍና ውኃ ነው። ከፎቶው ሥር «ጂና እዚህ ነበር» ብላ ጽፋልኛለች።