ቂም ይዞ መቁረብ ይቻላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከኩታ ገጠሜ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልተን ሽማግሌዎች አስታርቀውናል፤ የገፋውንም መልሷል። ግን ሰውየውን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጸጋ በነጻ ነው ከተባለ፣ ይህ ከቅዱስ ቁርባን ይከለክለኛል? (ከቢቸና)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቂም ይከለክላል። የደም መፍላት ሁሉ ግን ቂም አይደለም። በደሉን ማስታወስ ብቻውን አያስኮንንም። ራስዎን እንዲህ ይጠይቁ፦ በሬው ገደል ቢገባበት ደስ ይለኛል? ወንፈል ሲጠራኝ ሆን ብዬ እቀራለሁ? የጽዋ ተራው ሲደርስ «አሞኛል» ብዬ ቤቴ እውላለሁ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ቂሙ አለ፤ ሽማግሌ ያስታረቀው አፍዎን ብቻ ነው።

ጸጋው በነጻ መሆኑ እውነት ነው፤ ሐዋርያው «የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» ይላል (ኤፌ 2፥8)። ይሁን እንጂ ማቴዎስ 18ን ቀስ ብለው ያንብቡት። ለባሪያው የእልፍ (10,000) መክሊት ዕዳ ተተወለት። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው፤ አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ (ማቴ 20፥2)። ስለዚህ የተተወለት የ60 ሚሊዮን ቀን ሥራ ነው። ባልንጀራው የነበረበት 100 ዲናር፣ የመቶ ቀን ድካም ነው። ጌታ የእርስዎን ቁስል ኢምንት አላለውም፤ ከሦስት ወር በላይ የሚለፋበት ዕዳ ቀላል አይደለም። ባሪያውን ያስጠፋው በነጻ የተቀበለውን ይዞ ወጥቶ የባልንጀራውን ጉሮሮ ማነቁ ነው።

እንግዲህ ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል፦ የራሱን ትቶ የጎረቤቱን ኃጢአት ይናዘዛል። እርስዎ «ክፉ ተመኝቼበታለሁ፣ ሰላምታ ነፍጌዋለሁ» ብለው የራስዎን ብቻ ይናገሩ። የሚሰጥዎት ጾምና ስግደት የልብ መድኃኒት ነው፤ የጸጋ ዋጋ አድርገው ከቆጠሩት ትዕቢት ይሆንብዎታል። በየቀኑም ስሙን ጠርተው ይጸልዩለት። መጀመሪያ ከጥርስዎ ላይ አይወርድም፤ አይተዉት። ከዚያ በአካል ያግኙት፤ ሽማግሌ ሳያስከትሉ፣ የድንበሩን ነገር ሳያነሱ «እንዴት ዋልክ» ይበሉት። ፊት ቢነሳዎትስ? «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ተብሏል (ሮሜ 12፥18)፤ የእርሱ እምቢታ እርስዎን ከቁርባን አያስቀርም። ድንበሩን ዳግም ከገፋ ለሽማግሌ መንገርም ቂም አይባልም።

ንስሐ አባትዎ ሲፈቅዱልዎ 18 ሰዓት ጾመው ለቅዳሴ ይቁሙ። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል፣ እርስ በርሳችሁ እጅ ተነሣሡ ማለቱ ነውና፣ ያ ሰው በአጠገብዎ ቢቆም ፊትዎን ወደ እርሱ ያዙሩ።