ዛንዚባር ላይ ዳው ልትሳፈሩ ነው? ከዋጋው በፊት ስለ ሸራው ጠይቁ

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። በጥር ከባለቤቷ ጋር ዛንዚባር ይሄዳሉ። ዳው በሚባለው ባህላዊ የሸራ ጀልባ ባሕር ላይ መንሸራሸር አምሯቸዋል። የፀሐይ መጥለቂያው ጉዞ ይሻላል ወይስ ሙሉ ቀኑ? እሷ መዋኘት አትችልም። እሱን ደግሞ መኪና ውስጥ እንኳ ያቅለሸልሸዋል። "ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነገር ነው ወይስ ቱሪስት ማታለያ?" ብላለች።

ሁለቱንም ነው እህቴ። ለሥራ እዚያ ደሴት ላይ በቆየሁበት ጊዜ ደስ የሚለውንም መናኛውንም አይቻለሁ። ልዩነቱን የሚያመጣው ዋጋው አይደለም፣ የጀልባዋ ቀለምም አይደለም። አንድ ጥያቄ ነው። ሸራው ይነሣል ወይ?

ቀልድ እንዳይመስልሽ። "የዳው ጉዞ" ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ በሞተር ሄዶ በሞተር የሚመለስ ሞልቷል። ሸራው እንጨቱ ላይ ተጠቅልሎ እንደታሰረ ይውላል። አንዳንዱ ለፎቶ ያህል ይዘረጋዋል፤ ሞተሩ ግን ከኋላ እየተንደቀደቀ ነው። ናፍጣ እየሸተተሽ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ብለሽ ባሕር ላይ መውጣት የለብሽም። ከሆቴሉ ሰገነትም ትታያለች።

ሞተር መኖሩን አልጠላሁም። እንዲያውም ለእናንተ ሞተር የሌለው ጀልባ አልመክርም። ንፋሱ ድንገት ሲቆም ወይም ሲመሽ ወደ ዳር የሚመልሳችሁ እሱ ነው። ጥያቄው መቼ ይጠፋል የሚለው ነው። "በሸራ ብቻ የምንሄደው ምን ያህል ጊዜ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰውየው "እንደ ንፋሱ ነው" ብሎ ስለዚያ ሳምንት ንፋስ ማውራት ከጀመረ ባሕሩን ያውቃል። "ችግር የለም፣ ሁሉም አለ" ካላችሁ ግን ደላላ ነው። የዛንዚባር አሮጌ ከተማ በሆነችው ስቶን ታውን ጎዳናዎች ላይና ባሕሩ ዳርቻ ፓፓሲ የሚሏቸው ደላሎች አይጠፉም። ክፉዎች አይደሉም፤ ተጫዋቾች ናቸው። ነገር ግን ቃል የሚገባው አንድ ሰው፣ ጀልባውን የሚነዳው ሌላ ሰው ይሆናል። ከተቻለ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ጀልባዋን በዓይናችሁ እዩ። ካፒቴኑን፣ እነሱ ናሆዛ የሚሉትን፣ ራሱን አነጋግሩት።

አሁን ወደ ንፋሱ። ጥር መሆኑ ዕድለኛ አድርጓችኋል። በዚያ ወር የሚነፍሰው ካስካዚ ነው፤ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ከታኅሣሥ ገደማ ጀምሮ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ይቆያል። ከዚያ ከባዱ ዝናብ ይገባል፣ እስከ ግንቦት ድረስ ለሽርሽር የማይመች ነው። ቀጥሎ ከደቡብ የሚመጣው ኩሲ ተራውን ይይዛል፣ እስከ መስከረም አካባቢ ይነፍሳል። ዳው የተፈለሰፈው ለእነዚህ ሁለት ንፋሶች ነው ማለት ይቻላል። የዓረብ፣ የፋርስና የሕንድ ነጋዴዎች በካስካዚ ወደ ዛንዚባር ይወርዱ ነበር። ሸጠው ለውጠው፣ ኩሲ እስኪነሣ ጠብቀው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ቴምርና ጨርቅ አምጥተው ቅርንፉድ፣ የዝሆን ጥርስና ባሕር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን የማንግሮቭ እንጨት ይጭናሉ። ሰውም ይጭኑ ነበር። የዛንዚባር የባሪያ ገበያ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። አስጎብኚያችሁ ስለ ቅርንፉዱ ብቻ አውርቶ ካለፈ ይህንንም ጠይቁት።

ለባለቤትሽ ሆድ ግን ከታሪኩ ይልቅ የሚጠቅመው ይኼ ነው። ንፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ሲመጣ የደሴቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይናወጣል። ምዕራቡን ግን ደሴቱ ራሱ ይከልለዋል። ንፋሱ ሸራውን ይሞላል፣ ማዕበሉ ግን ትንሽ ነው። ከዚህ የተሻለ ነገር ለሚያቅለሸልሸው ሰው አይገኝም። ስለዚህ ጉዟችሁ ከስቶን ታውን፣ ከኬንድዋ ወይም በደቡብ ምዕራብ ካለው ከፉምባ ይነሣ። ኑንግዊ የሰሜኑ ጫፍ ላይ ስለሆነ አንዳንድ ቀን ይበጠበጣል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለችው ምኔምባ በኮራል ዓሦቿ የታወቀች ናት፤ በጥር ንፋስ ግን ለእሱ አልመክርም። ደሴቷ የግል ስለሆነች መውረድ አይፈቀድም፣ የምትውሉት ጀልባ ላይ ነው። መዋኘት የማትችል ሴትና ያቅለሸለሸው ባል እዚያ ምን ይሠራሉ?

ስለ ባሕሩ መሙላትና መሸሽ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ ሐይቅ ለለመድን ሰዎች እንግዳ ነገር ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ዛንዚባር ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከፍና ዝቅ የሚልበት ልዩነት ሲበዛ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የሚበዛው ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ ነው፤ ግማሽ ጨረቃ ላይ ይቀንሳል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ዛሬ ረፋዱ ላይ የሞላው ውሃ ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ሸሽቶ ታገኙታላችሁ። ምሥራቁ ላይ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በመሳሰሉት መንደሮች፣ ውሃው ሲሸሽ ከዓይን ይርቃል። የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ደረቅ አሸዋ ላይ በጎናቸው ተኝተው ይታያሉ። ጀልባ በፈለጋችሁት ሰዓት አይነሣም የሚባለው ለዚህ ነው።

ናኩፔንዳን የመሰሉት የአሸዋ ደለሎችም እንደዚሁ ናቸው። ውሃው ሲሸሽ ባሕር መሃል ነጭ አሸዋ ብቅ ይላል። ሲሞላ ይሰጥማል። ፎቶው ላይ ያየሽው ያ ነጭ ቦታ በተሳሳተ ሰዓት ከሄዳችሁ የለም። ስለዚህ ቀኑን ከመወሰናችሁ በፊት "በዚያ ቀን ውሃው የሚሸሸው ስንት ሰዓት ነው?" በሉ። የሰዓት ሰንጠረዡ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፣ የሆቴሉም ሰዎች ያውቁታል።

ሰዓት ካነሣን አይቀር፣ ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ነው። ሳ ኩሚ ካላችሁ ከቀኑ አሥር ሰዓት ማለቱ ነው፣ ሰዓታችንም አንድ ነው። ደስ ይላል፣ ግን ወጥመድ አለው። ያው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ሲጽፍላችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሆናል። ቀጠሮውን በሁለቱም መንገድ አጣሩ። በጥር ፀሐይ የምትጠልቀው 12፡45 አካባቢ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ የሚነሣ ጀልባ ይበቃችኋል። አሥራ ሁለት ላይ የሚነሣውን ተዉት፤ ሸራውን ሲያነሡ ይመሻል።

ጉዞው ራሱ ምን ይመስላል? ብዙ ቦታ ወደብ የለም። ጫማችሁን ይዛችሁ፣ ሱሪያችሁን ሰብስባችሁ፣ ጉልበት ወይም ጭን በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሄዳችሁ ትሳፈራላችሁ። ከሥር ጥቁር እሾሃም የባሕር እንስሳት ስላሉ የውሃ ጫማ ያስፈልጋል። ጀልባው ላይ በባዶ እግር ነው። መቀመጫው ጣውላ ነው፣ ትራስ ካለ ጥሩ። የምትሳፈሩበት ጀልባ ምን ዓይነት እንደሆነም ጠይቁ። ጃሃዚ የሚባለው ትልቁ ነው፣ ሰፊና የተረጋጋ። ንጋላዋ ደግሞ ከአንድ ግንድ ተቦርቡሮ በግራና በቀኝ መደገፊያ እንጨት የተገጠመለት ጠባብ ጀልባ ነው። ፈጣን ነው፣ አስደሳች ነው፣ ግን ውሃ ይረጫል። ለእናንተ ጃሃዚ።

ሞተሩ ሲጠፋ ምን እንደምትመለከቱ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ስልኩን ደቅኖ ፀሐይዋን ሲጠብቅ ትልቁን ነገር ያልፈዋል። የዳው ሸራ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። በጣም ረጅም በሆነ ሰያፍ እንጨት ላይ ታስሮ ወደ ላይ ይሳባል። ምሰሶው ራሱ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። እንጨቱን ለማንሣት ሦስት አራት ሰው በዜማ እየተቀባበለ ይጎትታል። ሸራው ንፋሱን ሲይዝ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ጋደል ይላል። አትደንግጡ፣ እንደዚያ ነው የሚሄደው። ከዚያ ማዞር ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ጀርባቸውን ለንፋሱ ሰጥተው ይዞራሉ፤ ያን ሁሉ እንጨትና ሸራ ከምሰሶው አንዱ ጎን ወደ ሌላው ያሻግሩታል። ናሆዛው መሪውን ይዞ ይጮሃል፣ ልጆቹ በባዶ እግራቸው ይሯሯጣሉ፣ ገመዱ ይወረወራል። ለእኔ ገንዘቤን ያወጣሁበት ደቂቃ ያ ነው። እናንተ ግን በዚያን ጊዜ ከፊት ለፊት ራቁ፣ ገመድ አትያዙ፣ የተባላችሁበት ቦታ ተቀመጡ።

ሙሉ ቀን ወይስ ምሽት? እኔ ብሆን በምሽቱ እጀምር ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ነው፣ ቢያቅለሸልሸውም ቶሎ ያልቃል። በዚያ ደህና ከሆነ ሙሉ ቀኑን ፉምባ ላይ አድርጉት። እዚያ ያለው ሜናይ የባሕር ወሽመጥ የተጠበቀ ክልል ነው፤ ትንንሽ ደሴቶች፣ የማንግሮቭ ውሃዎችና የአሸዋ ደለሎች አሉት። ሲመለሱ ንፋሱ ከተመቸ በሸራ ይመጣሉ። ምሳው ብዙውን ጊዜ ዓሣና የባሕር ምግብ ነው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሆኖ የምትጾሙ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ በኮኮናት የተሠራ ሩዝ፣ ባቄላና ፍራፍሬ ያዘጋጃሉ። ባሕር መሃል ከደረሳችሁ በኋላ ግን ወጥ ቤቱ ያለው ይኸው ነው።

ከስቶን ታውን ፊት ለፊት ያለችው የእስር ቤት ደሴት፣ ቻንጉ፣ ግማሽ ቀን ትበቃታለች። እስር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1893 ተሠራ እንጂ ወንጀለኛ አልታሰረበትም፤ የበሽተኞች ማቆያ ሆነ። አሁን የምትታወቀው በግዙፍ ኤሊዎቿ ነው። የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጡ ናቸው። ዶልፊን ላሳያችሁ የሚለውን ግን እኔ አልሄድም። ብዙ ሞተር ጀልባ እንስሳቱን ከቦ ሲያሳድድ ማየት አያስደስትም፣ ከዳው ጋርም አይገናኝም።

ስለ መዋኘት፣ አለመቻልሽ አይከለክልሽም። የሕይወት አድን ጃኬቱ ግን በቁጥርና በልክ መኖሩን ከመነሣታችሁ በፊት እዪ። "አለ፣ ከሥር ነው" ካሉሽ አውጡልኝ በያቸው፤ እዚያው ልበሽው። አንድ ጊዜ የተሳፈርኩበት ጀልባ ላይ ጃኬቶቹ ከዓሣ መረብ ሥር በገመድ ታስረው ነበር። ማን ፈትቶ ሊያወጣቸው ነው? ወርጄ ሌላ ፈለግሁ። ደግሞ ሰው የበዛበት፣ ሙዚቃ የሚጮህበትና መጠጥ የሚፈስበት ጀልባ አለ፤ ለሚወደው ይመቸው። ለእናንተ ጥቂት ሰው የሚይዝ ፈልጉ።

ለማቅለሽለሹ፦ ኪኒኑን ከፋርማሲ ጠይቆ ይያዝ። የሚወሰደው ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ከጀመረው በኋላ ብዙም አይረዳም፣ እንቅልፍም ያመጣል። ሆዱ ባዶም ጥጋብም አይሁን። ጀልባው መሃል፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ስልክ አያንብብ፣ ዓይኑን አድማሱ ላይ ያድርግ። የሚከፋው ሲሄዱ ሳይሆን ቆመው ሲወዛወዙ ነው፤ በተለይ ሞተሩ እየሠራ ጭሱ ወደ ተሳፋሪው ሲመጣ። ሸራው ሲሞላ ጀልባው ይረጋል፣ ብዙ ሰውም ያን ጊዜ ይሻለዋል።

ጊዜ ካላችሁ ኑንግዊ ሄዳችሁ ዳው ሲሠራ እዩ። አናጢዎቹ ባሕሩ ዳር ጥላ ሥር በእጅ መሣሪያ ይሠራሉ። ለጎድኑ በተፈጥሮው የጎበጠ እንጨት ይመርጣሉ። በጣውላው መገጣጠሚያ በኮኮናት ዘይት የተነከረ ጥጥ ይወትፋሉ። ድሮ ምቴፔ የሚባል ጀልባ ነበር፤ ያለ ሚስማር፣ በኮኮናት ገመድ ተሰፍቶ የሚሠራ። አሁን ያ ቀርቷል። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ሥራ ላይ ናቸው።

የጀልባውን ቀን የጉዟችሁ መጨረሻ ላይ አታድርጉት። ንፋሱ ካየለ ጥሩ ናሆዛ ራሱ ይሰርዘዋል፤ ያን ጊዜ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የምትሉት ቀን ይኑራችሁ። ሲሰረዝ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ሙሉውንም አስቀድማችሁ አትክፈሉ። ለልጆቹ ጉርሻ የሚሆን ዝርዝር የታንዛኒያ ሽልንግ ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ያዙ፤ ለሻጩ ሳይሆን በእጃቸው ስጧቸው።