ያላለቀ ኮድ ከአንዱ ሴሽን ወደ ሌላው ስለማስረከብ፦ ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ ያላለቀውን ሥራ ለአዲስ ሴሽን እንዴትና መቼ ላስረክብ ያልከውን ጥያቄ አንብቤዋለሁ። ካዛንችስ ካለው ቢሯችሁ ኮድ በሚጽፍ ኤአይ እየታገዝክ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲስተም ትሠራለህ። ሴሽኑ፣ ማለትም ከኤአዩ ጋር የያዝከው ውይይት፣ ሲሞላ ወይም መብራት ሲጠፋ አዲሱ ሴሽን ከሀ ብሎ ይጀምራል፣ ያስተካከልከውንም መልሶ ያፈርስብሃል። «ትልቁን ፓኬጅ ግዛ» የሚለውን መልስ ተወው። አዲስ ሴሽን ስትከፍት ያለፈውን ውይይት አያውቀውም፤ የሚያየው ፋይል ላይ ያለውን ብቻ ነው። የድሮውን ውይይት እንዳለ ኮፒ አድርጎ መለጠፍም አይረዳህም። ኤአዩ በአንዴ ሊይዝ የሚችለውን ቦታ ገና ሳትጀምር ይሞላዋል፣ የተሳሳተውን ሙከራም ከትክክለኛው ጋር ቀላቅሎ ያቀርብለታል።

1. ፕሮጀክቱ ውስጥ «ርክክብ» የሚባል አንድ ፋይል ይኑርህ። ክላውድ ኮድ የሚባለው ኮድ ጸሐፊ ኤአይ ሲነሳ «ክላውድ ነጥብ ኤምዲ» የሚባለውን ፋይል ያነባል፣ ሌሎች ብዙዎቹ ደግሞ «ኤጀንትስ ነጥብ ኤምዲ»ን። እነዚህ ለቋሚ ደንብ ናቸው፤ የዛሬውን ያላለቀ ሥራ እዚያ አትክተት። ርክክቡ ላይ የብራንቹ (የኮዱ ቅርንጫፍ) ስም፣ የመጨረሻው ኮሚት (ጊት በሚባለው የኮድ መዝጋቢ የተመዘገበው ለውጥ)፣ የተነኩት ፋይሎችና ቀጣዩ አንድ እርምጃ ይግቡ። ከ40 መስመር አይለፍ። የስህተት መልእክቱን አትተርጉመው፣ አታሳጥረውም፤ ስክሪኑ ላይ እንደወጣ ለጥፈው።

2. የተሞከረውንና ያልሠራውን ከነምክንያቱ ጻፍ። ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው፤ ብዙ ቀን የሚበላውም ይኸው ነው። የአንተን ሲስተም እንውሰድ። የወር ቁጥር እስከ 13 የሚቀበል መስመር አለህ፣ ለጳጉሜን። አዲሱ ሴሽን ያንን 13 ሲያይ ስህተት ይመስለውና 12 ያደርገዋል። ኮዱን የሚፈትሹት ፈተናዎች ሁሉ ያልፋሉ፣ የፈተናው ዳታ ውስጥ ጳጉሜን የለማ! የሚታወቀው የምዝገባ ሰሞን ነው፤ ወላጅ በጳጉሜን 2 ሊከፍል መጥቶ ሲስተሙ «ቀኑ ትክክል አይደለም» ሲለው። ስለዚህ ርክክቡ ላይ «ወር 13ን አትንካ፤ ጳጉሜን ነው፤ ወደ 12 ዝቅ ማድረግ ተሞክሮ ክፍያ አስቀርቷል» ተብሎ ይጻፍ። ማስታወሻ ብቻውን አይበቃም፣ ፈተናም ጨምርበት። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ 2015 እንዲህ ነበር፣ ቀጣዩ 2019 ነው። እንግዲህ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ማለፍ አለበት፤ ወደ ፈረንጅ ሲቀየርም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መምጣት አለበት። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ግን መውደቅ አለበት። ይህ ፈተና ካለ ማንም ሴሽን በዝምታ ሊያበላሽብህ አይችልም።

«ተጠናቋል» የሚለውን ቃል ከርክክቡ አውጣው። ኤአዩ ይህን ቃል እንደ ልቡ ነው የሚጽፈው፤ አዲሱ ሴሽን ደግሞ ያምነዋል። በምትኩ የትኛው ትዕዛዝ እንደተሰጠና ውጤቱ ምን እንደሆነ ይቀመጥ፦ ከ14 ፈተና 12ቱ አለፉ፣ 2ቱ በዚህ መልእክት ወደቁ። ያልተፈተነውም «አልተፈተነም» ይባል። ንብረት ክፍል ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) የሚቆረጠው ዕቃው ተቆጥሮ ነው፤ «ሁሉም አለ» ስለተባለ የሚፈርም ንብረት ያዥ የለም። አዲሱንም ሴሽን እንደዚያው አስቆጥረው። የመጀመሪያ ትዕዛዝህ ይህ ይሁን፦ «የርክክብ ፋይሉን አንብብ፣ ጊት ስታተስና ጊት ዲፍ እይ፣ ፈተናዎቹን አስኪድ፣ ያገኘኸው ከማስታወሻው የሚለይበትን ንገረኝ። እስክፈቅድልህ ኮድ አትንካ።» ሁለቱ የጊት ትዕዛዞች የተነኩትን ፋይሎችና የተለወጡትን መስመሮች ያሳያሉ። ማስታወሻውና ፈተናው ከተጋጩ ፈተናውን እመን።

መቼ ይጻፍ ላልከው፣ ሴሽኑ ሊሞላ ሲል አይደለም። ቦታው ሲሞላ መሣሪያው ውይይቱን ራሱ ያጠቃልለዋል፤ በማጠቃለያው ሊጠፋ የሚችለው ደግሞ የስህተት መልእክቱና ያልሠራው ሙከራ ነው፣ ማለትም አንተ አጥብቀህ የምትፈልገው። ግማሹን ሲያልፍ አንዴ አስጽፈው፣ ከዚያ በየእርምጃው ያድሰው። መብራት ድንገት ሲሄድም የምታጣው የመጨረሻዋን እርምጃ ብቻ ይሆናል። ክላውድ ኮድ «ኮንቲኒው» በሚለው አማራጭ የቆመውን ውይይት መልሶ ይከፍታል፤ ግን ውይይቱ የተቀመጠው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። አራት ኪሎ ካለው ባልደረባህ ላፕቶፕ ላይ አታገኘውም።

ኮዱን በስታሽ (ጊት ለውጥን ለጊዜው ወደ ጎን በሚያስቀምጥበት መንገድ) አታስረክብ። ጊት ስታሽ «ዩ» የሚለው አማራጭ ካልተጨመረበት ገና ወደ ጊት ያልገቡ አዲስ ፋይሎችን አይወስድም። ስታሹ ራሱም ኮዱ ፑሽ ሲደረግ፣ ማለትም ወደ ጋራው ሰርቨር ሲላክ፣ አብሮ አይሄድም። ለብቻው ብራንች ላይ «ያላለቀ» ብለህ ኮሚት አድርግና ፑሽ አድርገው፤ ቢወድቅም ይውደቅ፣ የወደቀው ፈተና በርክክቡ ላይ ተጽፏል። የኢንቭ ፋይልህ (የሲስተሙ ምስጢራዊ ቁልፎች ያሉበት) ጊት ውስጥ ስለማይገባ የሚያስፈልጉትን ተለዋዋጮች በስም ብቻ ዘርዝር፣ የክፍያ ቁልፉን ራሱን ግን በፍጹም አትጻፈው። ሥራው ሲያልቅ ርክክቡን ባዶ አድርገው፤ ያለፈ ሳምንት ማስታወሻ አዲሱን ሴሽን ወደተዘጋ በር ይመራዋል። ጳጉሜንን የመሰለ ቋሚ ነገር ከተገኘ ግን ከመሰረዝህ በፊት ወደ ደንቡ ፋይል አሻግረው።