ልጆቹን የሚነክሰው ቡችላ ለሰው ይሰጥ ወይስ ይቆይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ። 3 ወር ያልሞላው ቡችላ፣ የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች፣ የተቧጨረ ቁርጭምጭሚት፣ «ለሰው እንስጠውና እንገላገል» የሚል ባል። እኛ ቤት «እንገላገል» ባዩ እኔ ነበርኩ። የሚወስደው ሰው ሁሉ አግኝቼ ነበር።

አልሰጠሁትም። አሁን 5 ዓመቱ ነው። ግን ያንቺም ይቆይ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ሲነክስ ሰውነቱ ምን ይመስላል? ፊት እግሩን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ቂጡን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ እየዘለለ ከሆነ ጨዋታ ነው። ድርቅ ብሎ ቆሞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ምግቡ ወይም መጫወቻው አጠገብ ልጅ ሲመጣ የሚያጉረመርም ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ከጻፍሽው የመጀመሪያው ይመስለኛል። ልጆች ሲሮጡና ሲጮሁ ለቡችላ የሚሯሯጥ መጫወቻ ናቸው። በዚያ ላይ ጥርሱ አለ። 28ቱ የወተት ጥርሶች 4 ወር ገደማ መውለቅ ይጀምራሉ፤ 42ቱ ቋሚ ጥርሶች በቅለው የሚያልቁት በ6 ወይ በ7 ወሩ ነው። እስከዚያ ድዱን ይበላዋል፣ ያገኘውን ያኝካል። የኔው ደግሞ ገና በ6 ሳምንቱ ከእናቱ የተነጠለ ነበር። ቢያንስ 8 ሳምንት መቆየት ነበረበት፤ ንክሻን ማለዘብ የሚማሩት ከእናታቸውና ከወንድሞቻቸው ጋር ሲታገሉ ነውና። ይሄን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

የሚገርምሽ፣ ለኛ ትልቁ መፍትሔ እንቅልፍ ነበር። ማታ ማታ ያብድብን ነበር። ጉልበት ተርፎት ነው ብለን የበለጠ እናሯሩጠዋለን፣ እሱ የበለጠ ይነክሳል። ለካ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ አላስተኙትም! በዚህ ዕድሜ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛሉ። እንቅልፍ ያጣ ሕፃን እንዴት እንደሚነጫነጭ ታውቂው የለ? የራሱን ጥግ በትንሽ አጥር ከልለን፣ ከሰዓት በኋላ ማንም እንዳይደርስበት አደረግን። በሳምንት ውስጥ ሌላ ውሻ መሰለ።

ሌላው ጥፋት የኔው ነበር። እጄን እያስነከስኩ አታግለው ነበር፤ ከዚያ ልጄን ሲነክስ እቆጣዋለሁ። ምን ይወቅ? እጅን አቁመን ገመድና ጎማ ሰጠነው። ጥርሱ ቆዳ ሲነካ ጨዋታው ወዲያው ይቆማል፣ ተነስተን እንሄዳለን። «ሲነክስ ጩኹ» የሚሉም አሉ። የኔን ጩኸት ጭራሽ ነው ያጋለው። መምታት ደግሞ እጅን እንዲፈራ ብቻ ነው የሚያደርገው።

ትልቋ ልጄ ሲመጣባት እንደ ግንድ ቀጥ ብላ መቆም፣ እጇን ማጠፍና ሰማይ ማየት ተማረች። ትንሹ አልቻለም፣ ይሮጥ ነበር፤ ያኔ 4 ዓመቱ ነበራ። ለሱ የሠራው አጥሩ ነው። ልጆቹንና ቡችላውን ለብቻቸው ለደቂቃም አንተዋቸውም ነበር።

አሁን ወደዚያ ወደ ሌላው ጉዳይ። የሚያጉረመርም፣ የሚደርቅ ከሆነ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ የሚያመው ነገር ሊኖር ይችላል። ማጉረምረሙን ግን አትቅጪው። ማስጠንቀቂያውን ካጠፋሽበት ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። በዚህ ላይ ቤት ውስጥ የሚከታተለው አዋቂ ከሌለ፣ ስጪው። ይሄ ጭካኔ አይደለም። አድጎ ከሚሰጥ ገና ቡችላ ሳለ ቢሰጥ ይሻለዋል። ለሚወስደው ሰው እንደሚነክስ ሳትደብቂ ንገሪ፤ ትንንሽ ልጆች የሌሉበት ቤትም ምረጪለት።

ያላነሳሽው ግን ያሳሰበኝ አንድ ነገር አለ፤ ክትባቱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 3 ወር ሲሞላቸው ስለሆነ ያንቺው ገና ያልተከተበ ይመስለኛል። ቆዳ ከተበሳ ወይም ከተጫረ፣ ትንሽ ናት ብለሽ አትለፊያት። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበሽ ልጁን ሐኪም ጋ ውሰጂው። ለዚያች ለቁርጭምጭሚቷ ጭረት፣ ደምታም ሆነ ሳትደማ፣ ዛሬውኑ ሂጂ፤ የቡችላው ነገር ለነገ ይደርሳል።